እንደ እናቱ የተቀዳ ብረት

ሰኔ 28

ጠዋት ዝናብ። ሁለት ቅጠል ብራና አሰመርኩ፤ ሦስተኛውን ዓይኔ እምቢ አለ። መነጽሩ ነው ወይስ እኔ? ሰባ ሦስት ዓመት ለዓይን ብዙ ነው። እህቴ ማሬ ሽሮ አቅርባ፣ "ሰዓቱ ደርሷል፣ ይብሉ። ቀለሙ ጥሎዎት አይሄድም" አለች።

ከቀትር በኋላ ሀይሉ መጣ። የነፍስ ኄር አምሳ አለቃ አስማረ ልጅ፤ ዛሬ ባሕር ዳር ሕንፃ የሚያሠራው። አባቱ ይነዳት የነበረችው የጦር ሠራዊት ጂፕ ከግቢያቸው ቆማ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዶሮ ሲፈለፈልባት ኖራለች። አሁን ሞተሯን አስነሥቷል፤ ቀለሟንም አስቀብቷል። ለልጃገረዶቹ በዓል ለሻደይ እናቱን፣ ወይዘሮ የሻሽወርቅን፣ በአባቱ ጂፕ ወደ ሜዳው ሊያወርዳቸው ቃል ገብቷል። የቀረው መሪዋ ነው።

"ከመርካቶ እስከ ኮምቦልቻ ጠየቅሁ፣ የኔታ። ይህን ዕቃ ዛሬ የሚሠራ የለም።"

ከመሐረብ ፈትቶ አንድ ጭብጥ የሚሞላ ብረት አኖረ። አንዱ ጫፉ ጥርስ ያለው፣ ሌላው ጫፉ እንደ ኳስ። የመሪውን ዘንግ ከፊት ጎማው ጋር የሚያያይዘው ይኸው ነው አለ፤ ኳሱ ጎድጓዳ ቤት ውስጥ ገብቶ ይዞራል። የቀኙ ይህ ነው፤ የግራው ጠፍቷል። ሁለት አዲስ ይፈልጋል።

"ጌታሰው ይሠራዋል። ግን ቀጥቃጭ ነው። እጁን እንጂ ልኩን አላምነውም። እርስዎ ቆመው ያሠሩልኝ። ነጥብ ሳይስቱ ዳዊት የሚቀዱ ሰው…"

ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ? ሃምሳ ዓመት ብራና ስቀዳ ለብረት የፈለገኝ ሰው አልነበረም።

ሰኔ 30

ጌታሰው ቤት ወረድኩ። ከከተማው ጠርዝ፣ ከወንዙ ማዶ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ የበሩ ማጠፊያ… የከተማው ብረት ሁሉ ከእርሱ እጅ ይወጣል፤ ከደጁ ውኃ የሚጠጣ ግን የለም። እኔም አልጠጣሁም። ሚስቱ ትርፌ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ ሆዷ አብጧል፣ ፊቷ ከስቷል። ልትነሣልኝ ሞከረች። "ተኚ" አልኳት፣ ከበሩ ላይ ሆኜ።

ጌታሰው ብረቱን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ አሸው። ዓይኑን ጨፍኖ።

"አርጅቷል" አለ።

"በምን አወቅህ?"

"ሲዞር ያነክሳል።"

"ብረት ያነክሳል?" ብዬ ሳቅሁ። እርሱ አልሳቀም።

ከተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ይሠራዋል። መብራት ከጠፋ ወር አልፎታል፤ ብረት የሚፍቅበት ቶርኖ ያለው ሰውዬ ቤቱን ዘግቷል። ስለዚህ በእሳት፣ በመዶሻ፣ በሞረድ።

ሐምሌ 4

ጌታሰው ወናፉን አቆመና፣ "ሀይሉ የፈቀደውን ይክፈለኝ። ከእርስዎ የምፈልገው ሌላ ነው" አለ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ትርፌ አትቆይም፣ የኔታ። እርሷም ታውቀዋለች። እኛ ማኅበር የለንም። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔና ወንድሜ ብቻ ተሸከምናት። ከቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አስቀመጥናት። ትርፌን መንገድ ላይ ማስቀመጥ አልፈልግም።"

የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ መሪው፣ እኔ ነኝ። ጽዋው ከእኔ እጅ ይነሣል። ከማኅበሩ ሰው ሲሞት አርባ ትከሻ ይቀርባል። ቀጥቃጭ ግን ከዚያ ጽዋ ጠጥቶ አያውቅም። ይህን የሚል የተጻፈ ሕግ የለም። ያልተጻፈ ስለሆነም የሚፍቀው የለም።

"ሥራውን አሳምር። እናገርልሃለሁ።"

እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። መቋሚያዬን ዘረጋሁለት። እርሱን ሳመ።

ሐምሌ 12

ማኅበር፣ ከማኅበርተኛችን ከትእዛዙ ቤት። የጌታሰውን ነገር አላነሣሁም። ዝናብ ስለነበር ሰው ቸኩሏል። ደግሞም ሥራው አላለቀም…

ሐምሌ 17

ዛሬ ተከራከርን።

"የኔታ፣ ይህ ኳስ አይደለም። እንቁላል ሆኗል። በዚህ ጎኑ ተበልቷል፤ ይኸው አንገቱም ቀጥኗል። ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። የተበላውን ልመልስለት።"

በክር ለካሁ። እውነት ነው፤ በአንዱ ጎን የገብስ ቅንጣት ያህል ይጎድላል። ግን ጉድለት መሆኑን ማን ያውቃል? አስበው እንዲህ ሠርተውት ቢሆንስ? የሠሩት ሰዎች የተማሩ ነበሩ።

"ሲወለድ ነበርህ?" አልኩት። ሀይሉ አጠገባችን ነበር፤ ሳቀ።

"አልነበርኩም። ብረቱ ግን ይናገራል።"

"እኔ የምሰማው ከፊቴ ያለውን ነው። ለቀጂ የሚቀዳበት እናቱ ነው፤ እንደ እናቱ አድርገው።"

ተማሪ ሳለሁ፣ በምቀዳው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ቃል የተሳሳተች መሰለችኝና አረምኳት። መምህሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሦስት ቀን የጻፍኩትን ቅጠል በቢላ አስፋቁኝ። "የምትጽፈው የሌላውን ነው፤ ያንተን ማን ጠየቀህ? ድገም።" ያቺ ቃል ስሕተት ትሁን እውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። በዕድሜዬ ሰባት ጊዜ ቀድቻታለሁ።

ሐምሌ 20

የመጀመሪያውን አመጣ። ከእናቱ በፀጉር ያህል ይወፍራል። "ድገም" አልኩት።

ሐምሌ 22

"ድገም።"

ሐምሌ 24

ጨርቅ ዘርግቶ ብረቶቹን አኖረ። ሁለቱ ልክ እንደ አሮጌው፤ እንከን የላቸውም። ሦስተኛው ክብ ነበር። ምን ዓይነት ክብ… ሞረድ የነካው አይመስልም፤ የተንጠለጠለ የውኃ ጠብታ ይመስላል።

"ይህን በራሴ ጊዜ ሠራሁት። ቤቱንም በልኩ አበጀሁለት። ሁለቱንም ያዙሯቸው። እጅዎ ይፍረድ።"

አዞርኳቸው። ክቡ ቅቤ ውስጥ የገባ ያህል ዞረ። እንቁላሉ ከቤቱ ጋር ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

እጄ ፈረደ። ሀይሉ ግን ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ቀጥቃጭ መሪጌታን ሲያርም…

"ጽዋውን ትፈልጋለህ?" አልኩት።

"እፈልጋለሁ።"

"እንግዲያውስ በጽዋው ግዝት አስሬሃለሁ። ይህን አትገጥምም። የመሰለህን ትተህ የተሰጠህን ትሠራለህ።"

ከውስጥ ትርፌ በኽምጣንኛ፣ "ተወው፤ እሺ በላቸው" አለችው። ኽምጣንኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። እንዳልሰማ ሆንኩ።

"እሺ" አለ።

ክቡን ብረት ይዤ ወጣሁ። መጻሕፍት ካለበት ሣጥኔ ከተትኩት። ደብቆ እንዳይገጥመው ነው… ለዚያ ብቻ ነው?

ሐምሌ 26

ዝናብ። ብራና አልነካሁም።

ነሐሴ 3

ጾመ ፍልሰታ። ከቅዳሴ በኋላ ሀይሉ ግቢ ሄድኩ። እንቁላሎቹ ተገጥመዋል። ሀይሉ መሪውን ግራና ቀኝ አዞረና፣ "ትንሽ ትዋልላለች" አለ።

"አዲስ ነገር ነው፤ እስኪላመድ ነው" አልኩት።

ይህን ከየት አመጣሁት? ስለ ብረት የማውቀው ምን አለ? ጌታሰው ከጂፗ ሥር ተኝቶ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። የሰማኝ ይመስለኛል። መዶሻው ጥቂት ቆመና ቀጠለ።

ነሐሴ 12

ማኅበር። ንፍሮና ጠላ። ዛሬ አነሣሁት፤ ጌታሰውና ሚስቱ ይግቡ አልኩ። ነጋዴው ካሤ፣ "ዛሬ ጽዋችንን ከሰጠነው ነገ ልጅህን ዳርልኝ ይለኛል" አለ። ሳቁ። ሌላው፣ "ጽዋው ከእርሱ አፍ ሲመለስ ይገኛል ወይ?" አለ። አሁንም ሳቁ።

ትእዛዙ ነው ያስታረቀው። "የኔታ ከተናገሩ አንመልሳቸውም። ብቻ ጂፗ ለሻደይ በሰላም ትውረድ። ያኔ እጁ የተባረከ ነው እንላለን፤ ጽዋውንም እንሰጠዋለን።" ሁሉም ተስማሙ።

ወርጄ ለጌታሰው ነገርኩት።

"ጂፗ ከወረደች?" አለ።

"ከወረደች።"

ሞረዱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። ክቡን ብረት መልሱልኝ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር? ቢለኝ እሰጠው ነበር? እርሱ ግዝቱን ጠበቀ። እኔም እንዲጠብቀው ተውኩት።

ነሐሴ 14

እንደሆነው ልጻፈው።

ለልምምድ ሀይሉ ብቻውን ነዳት። እናቱ ከደጅ ቆመው ይመለከታሉ። ጌታሰው ከፊተኛው ግራ ጎማ ጎን በእግሩ ይሄዳል። "ና፣ ከእኛ ጋር ቁም" ስለው፣ "ድምፁን ልስማ" አለኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቁልቁለት፣ መታጠፊያው ላይ፣ ሀይሉ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘ። ቀጭ አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ኳሱ ከቤቱ ወጣ፤ ጎማው በራሱ ፈቃድ ወደ ግራ ዞረ። ጌታሰው የድንጋይ ካቡን ተደግፎ ሊያመልጥ ሞከረ። ቀኝ እጁ በካቡና በጂፗ መካከል ቀረ።

ሰው ተሰበሰበ። እጁን ከማየታቸው በፊት ምን እንዳሉ ልጻፍ። "በላት" አሉ። "ጂፗን በላት።"

ሀይሉ የተፋቀውን ቀለም እየዳሰሰ፣ "ነግሬዎት ነበር፣ የኔታ። ልኩን አላምነውም አላልኩም?" አለኝ።

ጌታሰው ካቡ ሥር ተቀምጦ አየኝ። ብቻ አየኝ። ሁሉም ቆመው ነበር፤ ትእዛዙም፣ ካሤም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

"እግዚአብሔር ይማርህ" አልኩት።

ነሐሴ 15

ሐኪሞቹ ሦስት ጣቱን ቆረጡ። የቀሩት ሁለቱ አይታጠፉም።

ነሐሴ 17

ሻደይ። ልጃገረዶቹ ሣሩን ከወገባቸው አስረው በደጄ አለፉ። ከበሮው ያምራል። ግጥሙን ሰማሁት፦

ጂፕ ነይ ውረጂ ብለን ብንጠብቃት፣
ዓይኑን ጣለባትና ቀጥቃጩ በላት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ በበቅሎ ወረዱ።

ማሬ ነጠላዬን እያጠፈች፣ "ሣጥንዎ ውስጥ ብረት አለ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ዝጓል። የዳዊቱን ጠርዝ አቆሽሾታል። ላውጣው?"

"ተዪው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ጌታሰው እንቁላል ነው እያለ ይለምንዎት የነበረው… ይህ እኮ ክብ ነው።"

"ተዪው አልኩሽ።"

"ተውኩት። እርስዎ ያውቃሉ።"

ነሐሴ 24

ማረሻ የሚያሾል ሁሉ ሌላ ቀጥቃጭ ፍለጋ ፃግብጂ ወረዳ ድረስ ይሄዳል። ከወንዙ ማዶ ጭስ አይታይም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ትእዛዙ፣ "ሚካኤል ራሱ አሳየን፣ የኔታ። ጽዋውን ሰጥተነው ቢሆን ኖሮስ?" አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ለማለት ነው? አይደለም ለማለት? አዎ ብለው ወሰዱት።

ለምን አልናገርም? ሃምሳ ዓመት ከእጁ ስሕተት አልወጣም የተባልኩ ሰው ነኝ። አንድ ቅጠል ሲበላሽ ይፋቃል። ስም ሲበላሽስ? ንስሐ አባቴ ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። አልጠየቁኝም። እኔን ማን ይጠይቃል…

ጳጉሜን 2

በወንዙ ማዶ መንገድ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተመለስኩ።

መስከረም 4

ትርፌ ትናንት አረፈች። ዛሬ ተቀበረች።

አራት ተሸካሚ ያስፈልጋል። የጌታሰው ወንድም ነበር፤ ከፃግብጂ የመጡ ሁለት የእህቱ ልጆች ነበሩ። አራተኛ አልነበረም። ከገበያው መንገድ ብዙ ሰው ቆሞ ያያል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፣ ፊታቸውን አማትበዋል። ትከሻ የሰጠ የለም። ጌታሰው አራተኛውን ጫፍ በግራ እጁ ያዘ። እኔ መቋሚያዬን ይዤ ከካህናቱ ጋር በፊት በፊት እሄዳለሁ፤ ፍትሐቱን እላለሁ። ዜማው አልተሰበረም። ዜማዬ ተሰብሮ አያውቅም።

ያ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ የጌታሰው ክንድ ዛለ። አስቀመጧት። ካቡ ሥር።

ዞር አልኩ። መቋሚያዬን ጥዬ ልይዝለት እችል ነበር። አልጣልኩትም። ሲያነሷት ዜማውን ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

መስከረም 12

ማኅበር። ክቡን ብረት በጋቢዬ ይዤ ሄድኩ። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ቆሜ ተናገርኩ። ሁሉንም። ጌታሰው እንዳስጠነቀቀኝ፣ በጽዋው እንደ ገዘትኩት፣ ደኅነኛውን ብረት ደብቄ ይህን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልኩ። እጁን ያሳጣሁት፣ ሚስቱንም መንገድ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ትእዛዙ ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመ።

"የሰው ኃጢአት የሚሸከም አባት ሰጠን" አለ።

"ሸክም አይደለም፤ የራሴ ነው" አልኩ።

"ትሑት እንዲህ ነው የሚለው።"

ካሤ እንባውን ጠረገ። "እኛ ለወንድማችን የማናደርገውን እርሳቸው ለቀጥቃጭ…"

ብረቱን አወጣሁ። ያዙት፤ አዙሩት፤ እጃችሁ ይፍረድ አልኳቸው። ማንም አልነካውም። በተራ በተራ ስዘረጋላቸው ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። አንዱ፣ "የኔታ፣ ከእርሱ እጅ የወጣ አይደለም? ይጣሉት" አለኝ።

ጽዋውን መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ከወትሮው አብልጠው ሞልተውታል። ጠጣሁ።

መስከረም 13

ከወንዙ ማዶ ደረስኩ። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጌታሰው ትርፌ ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ተቀምጧል።

"ትናንት ነገርኳቸው" አልኩት።

"ምን አሉ?"

"አላመኑኝም።"

ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ገና ነው።

"ታዲያ አሁን እኔን ሆኑ።"

ቆሜ ቀረሁ። ቁጭ ይበሉ አላለኝም። ውኃ ስጠኝ አልኩት። በዕድሜዬ ከዚያ ቤት ውኃ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።

"ውኃ የለም" አለ። እንስራው ከበሩ ጥግ ሞልቶ ይታየኛል። እንደማየውም ያያል።

ብረቱን ሰጠሁት። በግራ አውራ ጣቱ ዝገቱን አሸው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብዙ ጊዜ። ከዚያ መልሶ እጄ ላይ አኖረው።

"ነገ በማለዳ ይምጡ። አሮጌ ልብስ ይልበሱ።"

"ምን ልሠራ?"

"ይህን ይቅዱ።"

ጥቅምት 12

ፊደሌ ተበላሽቷል። መዳፌ ቆስሎ ብርዕ አይጨብጥም። ይህን መስመር ያየ የእኔ ነው አይልም።

ማኅበሩ ዛሬ ከካሤ ቤት ነው። ሙሴነቱን ለትእዛዙ አስረክቤያለሁ። ማሬ ከገበያ የሰማችውን አልደበቀችኝም። "የኔታንም በላቸው ይላሉ" አለች። ሽሮዬን ሌላ ሳህን ላይ ታቀርባለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የምንሠራው ለማንም አይደለም። ሀይሉ ወደ ባሕር ዳር ተመልሷል፤ ጂፗ ግቢያቸው ውስጥ ናት፣ ዶሮዎቹም ተመልሰውባታል። ወናፉን እነፋለሁ፤ እርሱ በግራው በጉጠት ይይዝልኛል፤ እመታለሁ፤ እሞርዳለሁ። ውኃዬን ከቤቴ ይዤ እሄዳለሁ። እርሱ ስለ ትርፌ አንድም ቀን አላነሣም። እኔም አንድም ቀን ይቅር በለኝ አላልኩም… እንድል የሚፈቅድልኝ አይመስለኝም።

ዛሬ አሥራ አንደኛውን ጨረስኩ። በክር ለካሁት፤ በየትኛውም ጎን ልዩነት አላገኘሁም። እንደ እናቱ ነው አልኩ በልቤ። ጨርቅ ዘርግቼ ከፊቱ አኖርኩለት።

በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ብቻ አሸው።

"እንቁላል ነው" አለ።

ወደ ፍሙ ወረወረው። እስኪቀላ ሁለታችንም አየነው።

"ይድገሙ፣ የኔታ።"